የኩላሊት በርና ማኅተሙ

በዓለም የኩላሊት ቀን ሐዋሳ ላይ ለግፊት ታካሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ? የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ከየጤና ጣቢያው የመጣችሁ ሲስተሮችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ብዙዎቻችሁ የግፊት ካርዳችሁን ይዛችሁ ነው የመጣችሁት። ሌሎቻችሁ ደግሞ እናታችሁን ወይ አባታችሁን ደግፋችሁ መጥታችኋል። እኔ የፊዚዮሎጂ መምህር ነኝ። የሰውነት ክፍሎች እንዴት እንደሚሠሩ አስተምራለሁ። ዛሬ ግን እዚህ ያቆመኝ ሥራዬ ብቻ አይደለም። ልጅነቴም ነው።

እናቴ ግፊት እንዳለባት ከታወቀ በኋላ በየጠዋቱ አንዲት ትንሽ ኪኒን ትወስድ ነበር። ያቺን ሽንት የምታበዛዋን። ግፊቷ ወረደ። 120 በ80 ሆነ። ሁላችንም ደስ አለን። አንድ ቀን ለክትትል በሄደችበት አንድ ባለሙያ «እማማ፣ ተስተካክሎልዎታል እኮ» አላት። እሷም ዳንኩ ብላ ኪኒኑን ተወችው። ለእኛም አልነገረችንም። ጎረቤት ያመጣላትን ሽፈራው እያፈላች መጠጣት ጀመረች። ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት ቡና ልትቀዳ ስኒ ስታነሳ ስኒው ከቀኝ እጇ ወደቀ። አፏ ተንጋደደ። ልትናገር ፈልጋ ቃል እምቢ አላት።

እናቴ በሕይወት አለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀኝ እጇ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። ያቺ ኪኒን ኩላሊት ውስጥ የትኛውን በር እንደምትዘጋ፣ በሩን ማን እንደሚከፍተው፣ ኪኒኑ ሲቋረጥ ምን እንደሚከተል በዚያው ዓመት ለተማሪዎቼ በእንግሊዝኛ ስተነትን ነበር። ለእናቴ በአማርኛ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አላስረዳኋትም። «ኪኒንሽን ውሰጂ» ብቻ ነበር የምላት። ሰው ለምን እንደሚውጠው ያልገባውን ኪኒን ስንት ዓመት ይውጣል?

ያን ጊዜ ለእሷ ሳልነግራት የቀረሁትን ነው ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ።

መቼም ሐዋሳ ተቀምጦ ስለ ውሃ ሲወራ ሐይቁ አይዘለልም። ሐይቃችን የሚገባለት ወንዝ አለው፤ ጥቁር ውኃ። የሚወጣለት ወንዝ ግን የለውም። ውሃውን ወይ ፀሐይ ትወስደዋለች ወይ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። ዝናብ በበዛበት ዓመት ወደ ዳርቻው ገፍቶ ሲመጣ አይታችኋል። ሞልቶ የሚሄድበት ሲያጣ ዳሩን ይገፋል።

እኛም ውስጥ ሐይቅ አለ። ደማችንና በሴሎቻችን ዙሪያ ያለው ውሃ ነው። ይህን ሐይቅ የሚሞላው ጨው ነው። ጨው የበዛበት ምግብ የበላ ሰው ምን ያህል ውሃ እንደሚጠማው ታውቃላችሁ። ጨው ባለበት ውሃ ይከተላል። ጨው ካልወጣ ውሃውም አይወጣም። ከዚያ የደም ሥር ግድግዳ ይገፋል። ግፊት ያልነውም ይህንኑ መግፋት ነው። ደግነቱ ከሐይቃችን በተለየ የእኛው መውጫ አለው። ሁለት ኩላሊቶች አሉን።

«ግፊት ከንዴት ነው የሚመጣው» የምትሉ አላችሁ። ንዴት ለጊዜው ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ልክ ናችሁ። ንዴቱ ሲበርድ ግን ግፊቱም ይወርዳል። ዓመት ከዓመት ከፍ ብሎ እንዲቆይ ኩላሊት መተባበር አለበት። አርተር ጋይተን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ይህን ሲያስረዳ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ኩላሊት ትርፉን ጨው ካስወጣ ግፊት ከፍ ብሎ መቆየት ይቸግረዋል።

እስቲ ኩላሊታችን የሚሠራውን ሥራ በቁጥር እንየው። በቀን 180 ሊትር ገደማ ውሃ ከደም ያጣራል። በ20 ሊትሩ ጀሪካን 9 ጀሪካን ማለት ነው። እኛ በቀን የምንሸናው 1 ሊትር ተኩል ቢሆን ነው። የቀረው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። በዚያ በተጣራው ውሃ ውስጥ ያለው ጨው ቢመዘን 1 ኪሎ ተኩል ገደማ ይደርሳል። ሱቅ ሄዳችሁ 1 ኪሎ ተኩል ጨው ስታስመዝኑ ይታያችሁ። ኩላሊታችሁ ይህን ሁሉ በየቀኑ ያወጣና ከ99 በመቶ በላዩን መልሶ ያስገባዋል።

አሁን ይህችን ስሌት ልብ በሉልኝ። ከዚያ ጨው 1 በመቶ ማለት 15 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃዋል ይላል፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ አትሞላም። እንግዲህ ኩላሊት በ1 በመቶ ብቻ ቢሳሳት የ3 ቀን ጨው የሚያህል ሂሳብ አዛባ ማለት ነው። በየቀኑ እንዲህ ቢሳሳት መቆየት ይቸግረን ነበር። የማይሳሳተው የሚቆጣጠረው ስላለ ነው። ይህን ቁጥጥር ሳስተምር ስንት ዓመቴ ነው፤ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ቁጥጥሩ የት እንዳለ ላሳያችሁ። እያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ 1 ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ከእያንዳንዱ ማጣሪያ ከክር የቀጠነ ቱቦ ይነሳል። የቱቦው መጀመሪያ ከጨው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይመልሳል። ወደ ታች ወርዶ የሚመለሰው ቀጣዩ ክፍል ሩብ ያህሉን ይወስዳል። እነዚህ የጅምላ ሠራተኞች ናቸው። ጥቃቅኗ ሂሳብ የምትስተካከለው መጨረሻ አካባቢ ነው። እዚያ የቱቦው ግድግዳ ላይ ኤንሲሲ የሚባል ፕሮቲን ተተክሏል። ይህ ፕሮቲን በር ነው። ሲከፈት ጨው ከሽንት ወደ ሰውነት ይመለሳል። ሲዘጋ ጨው ከሽንት ጋር ይወጣል። የእናቴ ኪኒን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትባላለች። ሥራዋም ሌላ አይደለም፤ ይህን በር መዝጋት ነው።

በሩን ማን ይከፍተዋል? እዚህ ላይ ነው ሴል ውስጥ መልእክት የሚያቀባብሉት ፕሮቲኖች የሚመጡት።

ቀበሌ ሄዳችሁ ደብዳቤ አጽፋችሁ ታውቃላችሁ። ጽሑፉ ያምራል፣ ስማችሁ ተጽፏል፣ ሁሉ ነገር አለ። ማኅተም ከሌለው ግን ማንም አያስተናግዳችሁም። ሴል ውስጥም እንደዚሁ ነው። ፕሮቲኑ ተሠርቶ ቦታው ላይ ቢቀመጥም ሥራ የሚጀምረው ማኅተም ሲመታበት ነው። ማኅተሙ ፎስፌት የምትባል ትንሽ ቅንጣት ናት። ማኅተም መቺዎቹ ፕሮቲኖች ካይኔዝ ይባላሉ። ማኅተሙን የሚፍቁ ሌሎች ፕሮቲኖችም አሉ፤ ሥራው ሲበቃ ይፍቁታል።

በሩን የሚያሳትመው አለቃ ዊንክ ይባላል። ዊንክ ራሱ በሩ ድረስ አይሄድም። ስፓክ የሚባለውን ረዳቱን ያትመዋል። ስፓክ ደግሞ ሄዶ በሩን ያትመዋል። የታተመው በር ይከፈታል፣ ጨውም ይመለሳል። ሰንሰለቷ ይህችው ናት፤ ዊንክ፣ ስፓክ፣ ኤንሲሲ። አሁን ሦስቱንም ስም አወቃችኋቸው። የእኔ ተማሪዎች ይህን የሚማሩት ስንት ዓመት ጠብቀው ነው።

ዊንክ የተገኘው በፈረንጆቹ 2000 ነው፣ አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ በሜላኒ ኮብ ቤተ ሙከራ። ያኔ ከግፊት ጋር ያገናኘው አልነበረም። ስሙም የመጣው ከጉድለቱ ነው። ሌሎቹ ማኅተም መቺዎች ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ የታወቀ ቦታ ላይ ላይሲን የሚባል አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣት አላቸው። ይህኛው እዚያ ቦታ ላይ የለውም። የላይሲን ምልክት ኬ ስለሆነ «ኬ የሌለው» አሉት፤ ያ በእንግሊዝኛ ሲያጥር ዊንክ ሆነ።

በዓመቱ በ2001 የዬል ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ሊፍተንና ባልደረቦቹ አንድ ብርቅ በሽታ ሲያጠኑ እዚሁ ፕሮቲን ላይ ደረሱ። በሽታው በዘር የሚወርድ ነው። ጎርደን ሲንድረም ይባላል። እነዚህ ሰዎች ግፊታቸው ከፍ ይላል፣ ደማቸው ውስጥ ፖታሺየም የሚባለው ማዕድን ይበዛል። ምክንያቱ ሲፈለግ ዊንክን የሚሠሩት ጂኖች ላይ ስህተት ተገኘ። አለቃው ማኅተም መምታቱን አያቆምም፤ በሩም ክፍት ሆኖ ይቀራል። በ2012 ደግሞ ሌሎች ቤተሰቦች ተጠኑ። በነዚህኞቹ ዊንክ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። የተበላሸው የሥራ ጊዜውን የጨረሰ ዊንክን የሚያስወግዱት ፕሮቲኖች ነበሩ። አለቃው ጡረታ አልወጣ አለ ማለት ነው።

ሌላም ብርቅ በሽታ አለ፣ ጊተልማን የሚባል። እነዚህኞቹ ሲወለዱ ጀምሮ በሩ አይሠራላቸውም። ጨው ያፈሳሉ፤ ጨው ያምራቸዋል፤ ግፊታቸውም ዝቅ ያለ ነው። ሁለቱን በሽታዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በሩ ክፍት ሲቀር ግፊት ይወጣል፣ በሩ ሲበላሽ ግፊት ይወርዳል። ይህን ያህል ግልጽ ማስረጃ ተፈጥሮ ራሷ ሰጥታናለች። የጎርደን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች በምን ይታከማሉ? በዚያችው በእናቴ ኪኒን ቤተሰብ ነው፤ ደህና አድርጋ ታስተካክላቸዋለች።

እኛ ብዙዎቻችን እነዚህ የዘር በሽታዎች የሉብንም። ይሄ እኛን ምን ያገባናል ትሉ ይሆናል። ያገባናል፤ ያው ሰንሰለት የእኛንም ማዕድ ያነባል።

ዊንክን የሚያስነሳው አንዱ ነገር የፖታሺየም ማነስ ነው። ፖታሺየም በጎመን፣ በድንች፣ በሙዝ፣ በአቮካዶ፣ በባቄላ፣ በምስር፣ በቲማቲም ውስጥ አለ። እነዚህን ሳንበላ ስንቀርና ደማችን ውስጥ ፖታሺየም ሲቀንስ የቱቦው ሴል ወዲያው ያውቃል። ጨው የሚሠራው ከሶዲየምና ከክሎራይድ ነው፤ ሴሉ ውስጥ ያለው ክሎራይድ እየወጣ ይሄዳል። ክሎራይድ በደህናው ጊዜ ዊንክ ላይ ተለጥፎ አስተኝቶት ነው የሚቆየው። ክሎራይዱ ሲለቀው ዊንክ ይነቃል። ስፓክን ያትማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ጨው ይመለሳል። ያን ቀን ጨው አብዝተን በልተን ብንሆን እንኳ ኩላሊት አይምረንም። ፖታሺየም እንዳያመልጠው ሲል ጨዉን ይይዘዋል። ፖታሺየም የሚወጣው ከዚህ በር አልፎ ታች ነው፤ እዚያም እንዲወጣ ሶዲየም መድረስ አለበት። በሩ ሶዲየሙን ቀድሞ ከመለሰው ታች የሚደርሰው ያንሳል፣ ፖታሺየምም ይተርፋል።

ፖታሺየም ያለበት ምግብ ስንበላ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። አይጦች ላይ በተሠሩ ሙከራዎች ፖታሺየም ሆዳቸው በገባ በደቂቃዎች ውስጥ በሩ ላይ ያለው ማኅተም ተፍቆ ታይቷል። በደቂቃዎች! ልክ ኪኒን እንደመዋጥ።

ለምን እንዲህ ሆነን ተፈጠርን? ጨው ለብዙ ዘመን ብርቅ ነበር። በአገራችን አሞሌ ጨው ገንዘብ ነበር፤ ከአፋር ዝቅታ በግመል ተጭኖ ደጋ ሲደርስ ዋጋው ሌላ ነው። ቅጠሉና ሥራሥሩ ግን በየጓሮው ሞልቶ ነበር። ኩላሊታችን ያንን ኑሮ ነው የሚያውቀው። ዛሬ ጨው ሱቅ ውስጥ በርካሽ ይገኛል። በርበሬው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፣ ወጡ ላይ ይጨመራል፣ የሾርባ ኪዩቡ ጨው ነው፣ ዳጣውም ጨው አለው። አሞራ ገደል ዓሣ ስንበላ ገና ሳንቀምስ ጨው የምንነሰንስ አለን። ቡናቸውን በጨው የሚጠጡ እናቶችም ዛሬ እዚህ አሉ፤ አውቃለሁ።

ቡናውን አልቀማችሁም እናቶቼ። ጨዉን ግን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀንሱት። ምላስ ይለምዳል። ከጎኑ ደግሞ ጎመኑን ጨምሩበት። ሲዳማ ውስጥ ተቀምጦ አቮካዶ ጠፋ አይባልም፤ ጭማቂ ስታስደርጉ ሽሮፑን አስቀሩት። ሰሞኑን ጾም ላይ ያላችሁ ከሽሮው ጎን ጎመንና ድንች ይኑር። ቻይና ውስጥ በ600 መንደሮች 21 ሺህ ገደማ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በፈረንጆቹ 2021 ታትሟል። ግማሾቹ መንደሮች የወሰዱት ጨው ሩቡ በፖታሺየም ክሎራይድ የተተካ ነበር። ወደ 5 ዓመት ገደማ ተከታተሏቸው። በነዚያ መንደሮች ስትሮክ በ14 በመቶ ቀነሰ። የተለወጠው የወጥ ቤቱ ጨው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላስጠንቅቃችሁ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው፣ ዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው፣ ወይም ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን የመሰሉ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ፖታሺየም አያብዛ፤ በፖታሺየም የተተካ ጨውም አይግዛ። የደከመ ኩላሊት ፖታሺየምን ማስወጣት አይችልም። ፖታሺየም ደም ውስጥ ሲከማች ልብን ሊያቆም ይችላል። እዚህ የሰማችሁትን ለጎረቤት ስትነግሩ ይህንንም አብራችሁ ንገሩልኝ፤ ግማሹን ብቻ አታድርሱ።

ከዚህ ሰንሰለት ሌላ ኩላሊት ራሱ የሚልከው መልእክትም አለ። በፈረንጆቹ 1898 ስቶክሆልም ውስጥ ሮበርት ቲገርስቴትና ፔር በርግማን የጥንቸል ኩላሊት ጨምቀው ጭማቂውን ለሌላ ጥንቸል ሰጡ። የጥንቸሏ ግፊት ወጣ። በውስጡ ያለውን ነገር ሬኒን አሉት። ብዙ ዓመት ችላ ተብሎ ቆየ። በ1934 ሃሪ ጎልድብላት የውሻ ኩላሊት ደም ሥር ላይ ማጥበቂያ አደረገና የውሻው ግፊት ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው ወደ ሬኒን የተመለሰው። ሬኒን አንጂዮቴንሲን የሚባለውን ያስነሳል። እሱ ደም ሥርን ያጠብባል፤ አልዶስተሮን የሚባል ሆርሞንም ያስመጣል። አልዶስተሮን ቱቦው ጫፍ ላይ ያለችውን የመጨረሻዋን የጨው በር ይከፍታል። ኢናላፕሪል የምትወስዱ ሰዎች መድኃኒታችሁ ይህን መንገድ ነው የሚቆርጠው። ደረቅ ሳል ካመጣባችሁ አትተውት፤ ሄዳችሁ ንገሩ፣ በሌላ ይቀየርላችኋል።

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ። ኪኒኗን የወሰደች ቀን በሩ ይዘጋል። ጨዉ ይወጣል። ግፊቷ 120 በ80 ይሆናል። ያ ቁጥር የኪኒኗ ሥራ ነው። ኪኒኗ በሩን አልነቀለችውም፤ ማኅተም መቺዎቹንም አላጠፋቻቸውም። ዊንክም ስፓክም ቦታቸው ላይ ናቸው። ኪኒኗ ከደም ስትወጣ በሩ እንደገና ይከፈታል። ይህ ሁሉ ሲሆን እናቴ ምንም አልተሰማትም። ራስ ምታት የለ፣ ማዞር የለ። ግፊት ወጥቶ ሳይሰማ መቆየቱ ነው ክፋቱ። «ተስተካክሎልዎታል» ያላት ባለሙያ ቁጥሩን አልዋሸም። «በኪኒኑ ነው የተስተካከለው» የምትለዋን ቃል ግን አልጨመረላትም።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እዚህ ያላችሁ ባለሙያዎች፣ ያቺን ቃል ጨምሩ። ወረፋው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አንዲት አረፍተ ነገር ናት።

ሽፈራውንም አልነቅፍም። ቅጠል ነው፣ ብሉት፣ ጠጡት። የኪኒኑን ቦታ ግን አይውሰድ። ከኪኒናችሁ ጋር የምትወስዱት ነገር ካለ ለሐኪም ደብቃችሁ አታስቀሩ፤ ማንም አይቆጣችሁም። ኪኒን መግዣ ያጠራችሁም እንደዚሁ። ዝም ብላችሁ ከምታቋርጡ ንገሩ፤ ረከስ ያለው ሊፈለግላችሁ ይችላል።

ለእናቴ ይህን ሁሉ የነገርኳት ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ነው። የጀበናውን ክዳንና የስኒውን ረከቦት በር አድርጌ አሳየኋት። ጨርሼ ስጠይቃት «እና ጠዋት ጠዋት በሩን የምዘጋው እኔ ነኛ» አለችኝ። አዎ እማዬ አልኳት። አሁን ኪኒኗን በግራ እጇ ነው የምትወስደው። ቀን አታሳልፍም።

ውጪ ዛፎቹ ሥር ሲስተሮቹ መለኪያቸውን ይዘው እየጠበቁን ነው። ካርድ ያላችሁም የሌላችሁም ተለኩ። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ቁጭ በሉ፣ ጀርባችሁን ደገፍ አድርጉ፣ እግራችሁን አታነባብሩ። ሽንት የያዛችሁ ቅደሙና ሽኑ፤ የያዘ ሽንት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ክንዳችሁን ከእጅጌው አውጡት። እየተለካችሁ አታውሩ። አሁን በር ላይ ቡና የጠጣችሁ ደግሞ ግማሽ ሰዓት እስኪሞላችሁ ከእኔ ጋር እዚህ ቆዩ፤ እስከዚያ ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ። አመሰግናለሁ።